ሰማያዊው ቲዩብ እና ስምንተኛው ቀን

በአገራችን የወንድ ልጅ ደም መርጋት አለመርጋቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተነው ላብራቶሪ ውስጥ አይደለም። በተወለደ በስምንተኛው ቀን፣ ሲገረዝ ነው። ለአብዛኞቹ ሕፃናት ደሙ ጥቂት ቆይቶ ይቆማል፤ እናት ታጠባለች፣ ቤተሰቡም ወደየጉዳዩ ይመለሳል። ለጥቂቶቹ ግን አይቆምም። ጨርቁ ይቀየራል፣ እንደገና ይርሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ሕፃኑ ከተረፈ “የገራዡ እጅ ከባድ ነው” ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ወድቆ ከንፈሩ ሲሰነጠቅ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ጉልበቱ ሳይመታ ሲያብጥ፣ ያንን ሌሊት የሚያስታውስ አይኖርም።

የዚህ ልጅ በሽታ ስም አለው፤ ሄሞፊሊያ ይባላል። ዛሬ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ስለ ሄሞፊሊያ ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው የጂን ሕክምና ነው። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ለሄሞፊሊያ ቢ የጸደቀው መድኃኒት ለአንድ ሰው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተተምኖ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ላነሳው የፈለግሁት ከዚያ እጅግ የሚረክስና እጅግ የተዘነጋ ጉዳይ ነው፤ ደሙን በትክክለኛው ቲዩብ መቅዳት፣ በሰዓቱ መመርመር፣ ውጤቱን አስተውሎ ማንበብ። ልጆቻችን አካል ጉዳተኛ የሚሆኑት የጂን ሕክምና ስላልደረሳቸው ከመሆኑ በፊት ይህ ስላልተደረገላቸው ነው።

አስቀድሜ አንድ የቃል ነገር ላጥራ። በአማርኛ “ደም ረግቶበት ነው” ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እግር ወይም ሳንባ ውስጥ የደም ሥር የሚዘጋውን ሕመም ነው። እሱም በዘር ሊመጣ ይችላል። ለምሳሌ በ1994 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተለየው “ፋክተር 5 ላይደን” የሚባለው የዘረመል ለውጥ ከ100 አውሮፓውያን 5 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ ግን እጅግ ብርቅ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ተቃራኒው፣ መርጋት ሲገባው ስለማይረጋ ደም ነው።

ደም እንዲረጋ ከአሥር የሚበልጡ ፕሮቲኖች በየተራ አንዱ ሌላውን መቀስቀስ አለባቸው። ፋክተር እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። ፋክተር 8 የጎደለው ሰው ሄሞፊሊያ ኤ አለበት፣ ፋክተር 9 የጎደለው ደግሞ ሄሞፊሊያ ቢ። ሁለቱንም የሚያዘው ዘረመል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ያገኘው ከእናቱ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱ በእናት በኩል መጥቶ ጎልቶ የሚታየው በወንድ ልጅ ላይ ነው።

ይህንን ጥንትም አስተውለውታል። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ ሁለት ወንዶች ልጆቿ በግርዛት የሞቱባት እናት ሦስተኛውን እንዳትገርዝ ይላል። በገሊላዋ ሴፎሪስ ስለነበሩ አራት እህትማማቾችም ይተርካል፤ የሦስቱ ልጆች ተገርዘው ሞቱ፣ አራተኛዋ ስትመጣ ልጇን እንዳትገርዝ ተነገራት። ገዳዩ ነገር በእህትማማቾቹ በኩል እንደሚተላለፍ ያወቁት ያለ ምንም መሣሪያ ነው። ክርስቲያኑም ሆነ ቤተ እስራኤሉ በስምንተኛው ቀን በሚገርዝበት አገር ይህ ታሪክ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ልዩነቱ እኛ ዛሬ ሁለት ልጅ እስኪሞት መጠበቅ የማይገባን መሆኑ ነው። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ደግሞ በቤተሰባቸው ከእነሱ በፊት ማንም አልታመመም፤ የዘረመል ለውጡ በእነሱ ወይም በእናታቸው የጀመረ ነው። “በዘራችን የለም” ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም።

በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሚወለዱ 100,000 ወንዶች መካከል 25 ያህሉ ሄሞፊሊያ ኤ፣ 5 ያህሉ ሄሞፊሊያ ቢ እንዳለባቸው ገምቷል። በሽታው ዘር አይመርጥም። በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ወንዶች በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ይህን ስናሰላ ቢያንስ 500 ሕፃናት በየዓመቱ ከበሽታው ጋር ይወለዳሉ ማለት ነው። ተመርምረው የተመዘገቡት ሁሉ ተደምረው ግን ከጥቂት ዓመታት ልደት ጋር እንኳ አይተካከሉም። ሌሎቹ የት ሄዱ? ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ወጌሻ ዘንድ ይታሻል፤ በታሸ ቁጥር ውስጥ ውስጡን የሚደማው ይብሳል። ሐኪም ቤት የሄደውም እብጠቱ መግል መስሎ ሊወጋ ይችላል። እንጥሉ የተቆረጠ፣ የወተት ጥርሱ የተነቀለ ሕፃን ደግሞ ሐኪም ሳያየው ያልቃል።

ምርመራው የሚጀምረው በመርፌ ሳይሆን በጥያቄ ነው፤ ይህን ደረጃ ዘልሎ ወደ ላብራቶሪ መሮጥ ስህተት ይመስለኛል። እትብቱ ሲወድቅ ደምቶ ነበር? ሲገረዝስ? ጭኑ ላይ ክትባት ሲወጋ ትልቅ እብጠት ወጣበት? መዳህ ሲጀምር ጉልበቱና ደረቱ ይበልዝ ነበር? የእናቱ ወንድሞች በሕይወት አሉ? ካሉስ ከመካከላቸው የሚያነክስ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ሥልጠናም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜ ግን ከአንድ ገጽ የላብራቶሪ ውጤት ይበልጣል።

ከዚያ ሰማያዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ይመጣል። ውስጡ 3.2 በመቶ የሆነ ሶዲየም ሲትሬት አለ። ሲትሬቱ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም አስሮ ይይዛል፤ ካልሲየም በሌለበት ደም አይረጋም፣ ስለዚህ ናሙናው ሳይረጋ ላብራቶሪ ይደርሳል። ልኩ ለ9 እጅ ደም 1 እጅ ሲትሬት ነው። ቲዩቡ እስከ ምልክቱ ካልሞላ የተረፈው ሲትሬት በምርመራው ጊዜ የሚጨመረውን ካልሲየም ይይዝና የመርጊያው ሰዓት ይረዝማል፤ ጤነኛው ልጅ በሽተኛ ይመስላል። የሕፃን ደም ሥር ቀጭን ነው፣ ልጁ ያለቅሳል፣ እናቱም አብራ ታለቅሳለች፤ ነርሷ ሁለት ጊዜ ወግታ ግማሽ ቲዩብ ስታገኝ “ይበቃል” ብትል የማይገባን ሰው የለም። ግን አይበቃም። ከሐምራዊ ክዳኑ ቲዩብ ገልብጦ መሙላት ደግሞ ይብሳል፤ በዚያ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሌላ በመሆኑ ፋክተር 8 እና ፋክተር 5 ሳይጎድሉ የጎደሉ ይመስላሉ። ለሕፃናት የሚሆኑ ትንንሽ ሰማያዊ ቲዩቦች አሉ፤ ዋጋቸው ከአንድ የተሳሳተ ምርመራ ያነሰ ነው።

ይህ የ9 ለ1 ልክ የሚሠራው የቀይ ደም ሕዋሱ መጠን ከደሙ 55 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ነው። ካለፈ ፕላዝማው፣ ማለትም ከሕዋሳቱ ውጭ ያለው የደሙ ፈሳሽ፣ ስለሚያንስ ሲትሬቱ መቀነስ አለበት። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ስለሚወፍር ላብራቶሪዎቻቸው ይህን ያስባሉ። የእኛ ደጋ ግን ልዩ ነው፤ በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን (በቀይ ደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) በባሕር ወለል ከሚኖሩት ብዙም እንደማይርቅ አሳይቷል። ለደገኛው ልዩ ቀመር አያሻም፤ ደሙ ወፍራም ሊሆን በሚችል አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከቲዩቡ ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ደሙ ከተቀዳ በኋላ በክፍል ሙቀት ተቀምጦ በ4 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ወይም በበረዶ መላክ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ፕላዝማው ያልተለየ ደም ሲቀዘቅዝ ግን ፋክተር 8 እና ቮን ቪለብራንድ የሚባለው ፕሮቲን ይቀንሳሉ፣ የሌለ በሽታም ይወጣል። የእኛ አገር የናሙና ዝውውር የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። የኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ ናሙናዎች ከጤና ጣቢያ ተነሥተው በፖስታ ሠራተኛ ወደ ማዕከል መጓዝ መቻላቸው ትልቅ ስኬት ነው። ለመርጋት ምርመራ የተቀዳ ደም ግን ያንን መንገድ አይችልም። መፍትሔው ደሙ በተቀዳበት ሆስፒታል ፕላዝማውን በሴንትሪፊዩጅ (ደሙን በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ደጋግሞ ለይቶ በረዶ ማድረግ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 2 ሳምንት ያህል ይቆያል። ሲሟሟም በ37 ዲግሪ ውሃ ቶሎ መሟሟት አለበት። ቀስ ብሎ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከተሟሟ ፋክተር 8 ከታች እንደ ዝቃጭ ይቀመጣል፣ ከላይ ያለው ሲለካ ጎድሎ ይገኛል። የሚገርመው፣ ምርመራውን የሚያበላሸው ይኸው ጠባይ መድኃኒት ወልዷል፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁዲት ፑል ያንን ዝቃጭ ሰብስባ ክራዮፕሪሲፒቴት የተባለውን የደም ውጤት አስገኘች። ፋክተሩ በፋብሪካ ተመርቶ ከመምጣቱ በፊት ስንቱን ያተረፈ ነው።

አሁን ምርመራው። መጀመሪያ የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ የፕሌትሌት (ደም ለማቆም የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ቆጠራ፣ እንዲሁም ፕላዝማው እስኪረጋ ያለውን ሴኮንድ በተለያየ መንገድ የሚለኩት ፒቲ እና ኤፒቲቲ። በኤፒቲቲ ፕላዝማው በ37 ዲግሪ ሙቀት መርጋቱን ከሚያነቃቃው ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ጋር ይቆያል፣ ከዚያ ካልሲየም ይጨመርና እስኪረጋ ያለው ሴኮንድ ይቆጠራል። ጤነኛ ፕላዝማ እንደ ሪኤጀንቱ ዓይነት ከ25 እስከ 35 ሴኮንድ ባለው አካባቢ ይረጋል። ከባድ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ፕላዝማ ከዚህ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ፒቲው እና ፕሌትሌቱ ደህና ሆነው ኤፒቲቲው ብቻ ሲረዝም ጣት የሚቀሰረው ወደ ፋክተር 8 እና 9 ነው፤ 11 እና 12ም አሉ። ማሽን ቢኖር መልካም፤ ባይኖርም የሞቀ ውሃ፣ የመስታወት ቱቦ፣ ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓትና የሠለጠነ ዓይን ያለው ባለሙያ በእጁ ሊሠራው ይችላል። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ላብራቶሪዎችን ሲያሠለጥን ይህንኑ የእጅ ዘዴ ያስተምራል። “ማሽኑ ተበላሽቷል” የሚለው መልስ ሁልጊዜ የመጨረሻ መልስ መሆን የለበትም የምለው ለዚህ ነው። “ሪኤጀንት አልቋል” ግን እውነተኛ ግድግዳ ነው፤ እሱን ባለሙያው በእጁ አይወጣውም።

ኤፒቲቲ ከረዘመ ቀጥሎ ያለው ምርመራ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ነው። የልጁን ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል ለእኩል ማደባለቅ። ሰዓቱ ወደ ጤነኛው ከተመለሰ የጎደለ ነገር ነበር፣ ጤነኛው ሞላለት ማለት ነው። ካልተመለሰ ደግሞ ጤነኛውንም የሚያጠቃ አንቲቦዲ (ሰውነት ፋክተሩን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚሠራው ፕሮቲን) አለ፣ ወይም ናሙናው ውስጥ ሄፓሪን የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ገብቷል። አንዳንዱ የፋክተር 8 አንቲቦዲ ወዲያው አይታይም፤ ድብልቁ በ37 ዲግሪ 2 ሰዓት ቆይቶ እንደገና መታየት አለበት።

ኤ ይሁን ቢ ለመለየትም ይኸው ማደባለቅ ይሠራል። በ1947 ቦነስ አይረስ ውስጥ አልፍሬዶ ፓቭሎቭስኪ የተባለው ሐኪም የአንዱን የሄሞፊሊያ ታማሚ ደም ከሌላው ጋር ሲያደባልቅ መርጋቱ ሲስተካከል አየ። ሁለቱም ሄሞፊሊያ ከሆኑ እንዴት ይሞላሉ? ከአምስት ዓመት በኋላ በኦክስፎርድ መልሱ ግልጽ ሆነ፤ በሽታው ሁለት ነበር። ሁለተኛውም በአንድ ታማሚ ልጅ የቤተሰብ ስም የክሪስማስ በሽታ ተባለ፤ ዛሬ ሄሞፊሊያ ቢ የምንለው ነው። ውድ ሪኤጀንት የሌለው ላብራቶሪ ዛሬም በዚህ መንገድ መሄድ ይችላል። ኤ መሆኑ የታወቀ ታማሚ ፕላዝማ ካለው ከአዲሱ ልጅ ጋር ያደባልቃል፤ ካልተስተካከለ አዲሱም ኤ ነው። ወይም በአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የተጣራ ጤነኛ ፕላዝማ ያዘጋጃል፤ ማጣሪያው ፋክተር 9ን ያወጣዋል፣ 8ን ይተወዋል። ይህን መለየት የወግ ጉዳይ አይደለም። ክራዮፕሪሲፒቴት ውስጥ ፋክተር 9 የለም፤ ሄሞፊሊያ ቢ ላለበት ልጅ ክራዮ መስጠት እየደማ ማየት ነው።

ከዚያ በኋላ የጎደለው ፋክተር ስንት በመቶ እንደቀረ ይለካል። ከ1 በመቶ በታች ከባድ፣ ከ1 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከ5 እስከ 40 ቀላል ይባላል። ቀላል የሚለው ቃል ግን ያታልላል፤ ሰውየው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ወይም ጥርሱ ሲነቀል ሊሞት ይችላል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ረጅም ሆኖ የመጣው ውጤት ሳይሆን ደህና ተብሎ የመጣው ነው። ኤፒቲቲ ቀላሉን ሄሞፊሊያ ሊስተው ይችላል፤ አንዳንዱ ሪኤጀንት ፋክተሩ ከ30 በመቶ በታች ካልወረደ አይነግርም። ድሮ ከክንድ ወይም ከጣት ደም አውጥቶ ስንት ደቂቃ ፈሰሰ፣ ስንት ደቂቃ ረጋ ብሎ መቁጠር የተለመደ ነበር። ደሙን በብርጭቆ ቱቦ ይዞ እስኪረጋ የመቁጠሩ ዘዴ ከ1913 ጀምሮ የመጣ ነው፣ ጥቂት በመቶ ፋክተር ያለው ታማሚ ሳይያዝ ሊያልፈው ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በፊት በዚህ ተማምኖ “ደሙ ደህና ነው” ማለት አደገኛ ነው። ፋክተር 13 ሲጎድል ደግሞ ፒቲውም ኤፒቲቲውም ፍጹም ጤነኛ ይሆናሉ፤ ሕፃኑ ግን ከእትብቱ ይደማል። ለእሱ የረጋውን ደም ዩሪያ ውስጥ ነክሮ እስከ ማግስቱ ይሟሟ እንደሆነ ማየት ርካሽ ምርመራ ነው፤ የሚይዘውም ከባዱን ጉድለት ነው።

የሴቶቹ ነገር ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። በ1926 ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ቮን ቪለብራንድ በኦላንድ ደሴቶች ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ጻፈ፤ ከመረመራቸው 66 ሰዎች 23ቱ ይደማሉ፣ ሴቶችም ይገኙባቸዋል። ጥናቱ የተጀመረባት ሕፃን በኋላ በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛው የወር አበባዋ ደም አልቆ ሞተች። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ በሽታ ከሄሞፊሊያ ይበልጥ የተለመደ ነው፤ ሕክምና የሚያሻው ምልክት ያለበት ከ1,000 ሰው አንድ ያህል ነው። ኤፒቲቲ ብዙ ጊዜ አይይዘውም፤ ፕሮቲኑ ራሱ፣ ሥራውና ፋክተር 8 መለካት አለባቸው። ልኬቱም ይዋልላል። ጭንቀት፣ ሕመም፣ እርግዝና ከፍ ያደርጉታል፤ የደም ዓይነቷ ኦ የሆነች ሴት ደግሞ ከሌሎች ሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተለክቶ “የለብሽም” አይባልም። እኛ ዘንድ ፓድ በየሰዓቱ የምትቀይር ልጃገረድ ለእናቷ እንኳ አትናገርም፤ ብትናገርም “የእኔም እንዲሁ ነበር” የሚል መልስ ይጠብቃታል። እናትየዋ እውነቷን ነው፤ ከእሷ ወርሳዋለች። የደም ማነስ ኪኒን እየተሰጣት ዓመታት ያልፋሉ። የሄሞፊሊያ ዘረመል ተሸካሚ ሴቶችም ፋክተራቸው ዝቅ ሊልና ራሳቸው ሊደሙ ይችላሉ፤ “ተሸካሚ” የሚለው ስም ሕመማቸውን ሸፍኖት ኖሯል።

መድኃኒቱ እየመጣ ባለበት ዘመን ምርመራው ወደ ኋላ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በነፃ የሚለግሰው ፋክተር ለእኛም አገር ይደርሳል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን የመሰሉ ማዕከሎችም ይሰጡታል። የሚሰጡት ግን ለተመረመረ ሰው ነው። ከተሰጠም በኋላ ላብራቶሪው አይሰናበትም። ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው 30 በመቶ ያህሉ በፋክተሩ ላይ አንቲቦዲ ያበቅላሉ፣ ያንን ካልለካን መድኃኒቱ እንደ ውሃ ፈስሶ ይቀራል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ኤሚሲዙማብ የተባለው ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት ደግሞ ኤፒቲቲውን ያሳጥረዋል፤ ታማሚው መውሰዱን ያላወቀ ባለሙያ “ተስተካክሏል” ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የመመርመሪያ ወረቀቱ ላይ የሚወስደውን መድኃኒት መጻፍ የሐኪሙ ግዴታ መሆን አለበት።

በእኔ አስተያየት የዘረመል ምርመራ ማዕከል ከመመኘታችን በፊት በየክልሉ ሪፈራል ሆስፒታል ኤፒቲቲና የማደባለቅ ምርመራ ሳይቋረጥ መሠራት አለበት፤ በየክልሉም ፋክተር የሚለካ ቢያንስ አንድ ላብራቶሪ ይኑር። ሪኤጀንቱ እንደ ወባ መመርመሪያ በመደበኛ ግዥ ይያዝ። ፌዴሬሽኑ ከእንግሊዝ የጥራት መቆጣጠሪያ ተቋም ጋር ለየአገሩ ላብራቶሪዎች የፈተና ናሙና ይልካል፤ በዚያ መሳተፍ ስህተትን ቤት ውስጥ እያለ ያሳያል። ፕላዝማ ለይቶ አቀዝቅዞ መላክን ደግሞ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከሚመራው የላብራቶሪ ሥርዓት ጋር ማያያዝ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። አንድ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ያላት እናት ዳግመኛ ስታረግዝ፣ ልጁ እንደተወለደ ከተቆረጠው እትብት በእንግዴ ልጁ በኩል ካለው ደም መቅዳት ይቻላል፤ ሕፃኑ አይወጋም፣ አያለቅስም። ፋክተር 8 በተወለደ ሕፃን ላይም እንደ አዋቂ ሰው ያህል ስለሆነ መልሱ ወዲያው ይታወቃል። ፋክተር 9 ግን በጤነኛ ሕፃንም ዝቅ ይላል፤ ከባዱ ይለያል፣ ቀላሉ በስድስት ወር እንደገና መለካት አለበት። ሰማያዊው ቲዩብ በማዋለጃው ክፍል ተዘጋጅቶ ከቆየ፣ ስምንተኛው ቀን ሲደርስ ያ ቤተሰብ መልሱን በእጁ ይዟል፤ ግርዛቱን ያቆያል፣ ወይም ፋክተር አስቀርቦ ሆስፒታል ያስገርዛል።